እናቴ ማሽን የነበረችበት ዓመት

እናቴ ማታ ማታ ታለቅስ ነበር። ራት ተበልቶ እኔ ሳህን ሳነሣ፣ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ኮርኒሱን ታያለች። ትንሽ ቆይታ ቀና ስትል ከሁለቱም ዓይኖቿ እንባ በጉንጮቿ ላይ ይወርዳል። ሳግ የለው፣ ድምፅ የለው። በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግና "በይ የቤት ሥራሽን አምጪ" ትለኛለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ሁሉን አውቃለሁ ባይም ነበርኩ። የምታለቅሰው በአባቴ ነው ብዬ ደመደምኩ። አባቴ ሁመራ ሥራ ፍለጋ ሄዶ፣ ሥራም ሌላ ሚስትም አግኝቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ስለዚህ ማታ ማታ ሳህን እያጠብኩ በሆዴ እረግመው ነበር፤ አዲሷ ሚስቱ እንድትጨቀጭቀው፣ የሁመራ ትንኝ እንዲጨርሰው።

ያ እንባ እንባ አልነበረም። የዓይን ጠብታ ነበር። እናቴን ግላኮማ ይዟት ነበር፤ የዓይኗ ግፊት እየጨመረ እይታዋን ከዳር ጀምሮ ወደ መሀል ይበላው ነበር። ብልቃጧን በመዳፏ ሸሽጋ ነው የምታንጠባጥበው። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። እናንተ ግን ከአሁኑ እወቁት፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የተሞኘ ሰው ይበቃል። አባቴም ያን ሁሉ እርግማን ያለ ጥፋቱ ተቀበለ፤ በሌላው ጥፋቱ ይታሰብለት።

እናቴ መምህርት እሌኒ ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምር ነበር። ለትምህርት ቤቱ በእርዳታ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች መጥተው ከነካርቶናቸው አቧራ ሲጠጡ፣ "የክፍሉን ቁልፍ ስጡኝ" ብላ የጠየቀችው እሷ ብቻ ነበረች። ዩኒቨርሲቲው ለመምህራን ከሰጠው አጭር ሥልጠና ላይ ልጆች ፕሮግራም መሥራት የሚማሩበትን ዘዴ ይዛ መጣች። ኮዱ በፊደል አይጻፍም። ባለ ቀለም ብሎኮች አሉ፤ እያንዳንዱ ብሎክ አንድ ትእዛዝ ነው፤ በማውስ እየጎተቱ አንዱን ከሌላው ሥር መግጠም ነው። እኛ ልጆቹ ብሎኬት እንላቸው ነበር፣ ግንብ የምንገነባ ይመስል። ብሎኬቶቹ ሲገጠሙ ስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕል የታዘዘውን ይፈጽማል። የእኛ ሥዕል አህያ ነበረች። የሣላት ጥላዬ የሚባል የክፍላችን ልጅ ነው፤ ከጆሮዋ በቀር ምኗም አህያ አይመስልም ነበር።

የደብረ ታቦር መብራት ደግሞ እንደ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ደስ ይላል፣ መቼ እንደሚሄድ ግን አይጠየቅም። እናቴ መላ ዘየደች። አናጢ ቤት ሄዳ ብሎኬቶቹን በእንጨት አስቆረጠች። "ወደፊት ሂድ"ን ሰማያዊ ቀባነው፣ "ድገም"ን ብርቱካናማ፣ "ከሆነ"ን ቢጫ። መብራት ባለ ቀን ኮምፒውተሩ ላይ፣ በሌለ ቀን ወለሉ ላይ ተንበርክከን በእንጨት እንሠራ ነበር። አናጢው በእያንዳንዱ ብሎኬት ጀርባ ላይ በመጋዝ ጭረት አውጥቶበታል፤ በአንዱ ነጠላ፣ በሌላው ድርብ፣ በሌላው መስቀለኛ። ለጌጥ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም የጥላዬ ብሎኬት ከኔ ይልቅ ተጌጠ ብዬ አኩርፌአለሁ። ጭረቱ ለእናቴ ጣት ነበር። ያኔ ሰማያዊውን ከአረንጓዴው መለየት ያቅታት ጀምሮ ነበር።

የመጀመሪያውን ትምህርት መቼም አልረሳውም። ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ኩባያ ውሃ አስቀመጠችና ፊታችን ቆመች።

"እኔ ማሽን ነኝ" አለች። "ማሽን ጆሮ እንጂ ዓይን የለውም።" ዓይኖቿን ጨፈነች። "ውሃ አጠጡኝ።"

"ይጠጡ፣ ቲቸር!" አለ ጥላዬ።

"ማሽን አንቱታ አያውቅም። 'ጠጣ' ማለትም ምን እንደሆነ አያውቅም። ከፋፍላችሁ ንገሩት።"

አስተማሪን አንተ ብሎ ማዘዝ! ክፍሉ በሳቅ ታመሰ። "እጅህን አንሣ!" አለ አንዱ፤ እጇን ወደ ጣሪያው ሰቀለች። "ወደ ታች!" እጇ ጎኗ ላይ ወደቀ። "ያዝ!" ብንላት አየር ጨበጠች። ጮኸን፣ ተጨቃጨቅን፣ ተገፋፋን። በመጨረሻ ኩባያውን አስያዝናትና "ወደ ላይ! ገልብጥ!" አልን። ወደ አፍህ ያለ ግን አልነበረም። ውሃው ደረቷ ላይ ተደፋ። በደብረ ታቦር ብርድ፣ ጧት በሁለት ሰዓት፣ ሹራቧ ተነክሮ እየተንቀጠቀጠች ትስቅ ነበር።

"ማሽኑ አላጠፋም፣ የታዘዘውን ነው የሠራ" አለችን። "ጥፋቱ ትእዛዙ ውስጥ ነው ያለ። አትናደዱ፣ ፈልጉት። እናታችሁ ፊታችሁን አይታ 'ርቦሃል ልጄ' ትላለች። ማሽን ፊታችሁን አያይም፣ አይገምትላችሁም።"

ከሁሉም ብሎኬት የምትጠነቀቅለት "እስኪ" የሚለውን ነበር። አህያዋ ወንዝ እስክትነካ ድረስ ወደፊት ትሂድ ማለት ይቻላል። "ግን ወንዝ ከሌለስ?" ትለናለች። "ያላችሁት ነገር የማይመጣ ከሆነ ማሽኑ እስከ ዕለተ ምጽአት ይደግማል። 'እስኪ' ከማለታችሁ በፊት የሚመጣ ነገር መሆኑን እዩ።"

ክፍል ውስጥ እንዲህ ነበረች። ቤት ስንገባ ግን ሌላ ሴት ትሆንብኛለች። እኔን ማየት ትታ ነበር። ከጎኗ ቁጭ ብዬ ሥዕሌን ባሳያት ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው። አንድ ቅዳሜ ገበያ ወርዳ ስትመለስ መንገድ ዳር ቆሜ ጠበቅኋት። እጄን አወዛወዝኩ፤ በአጠገቤ አልፋኝ ሄደች። እንደማታውቀው ሰው! ጎረቤታችን እማማ ጌጤን ግን ከፊት ለፊቷ ሲመጡ አቅፋ ስማቸዋለች። ማታ ራት አልበላም አልኩ።

"ምነው ፋሲካ፣ ምን ሆንሽ?"

"አይተሽ አለፍሽኝ።"

እንጀራውን ወደኔ ገፋ አደረገችው። "ሐሳብ ይዞኝ ነው" አለች በመጨረሻ።

ሐሳቧ አባቴ ነው፤ እኔ እሱን ስለምመስል ልታየኝ አትፈልግም። በዚያ ዕድሜዬ እንዲህ ብዬ አምኜ ነበር፤ መስተዋት ፊት ቆሜ የእሱን አፍንጫ ከፊቴ ላይ የማነሣበትን ዘዴ ስፈልግ ትዝ ይለኛል። እናቴ ያኔ ዓለምን የምታየው በበር ቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነበር። ፊት ለፊት የመጣ ይታያታል፤ ከጎን የቆመ የለም። እኔ ደግሞ የእናቷን ጎን የምትወድ ልጅ ነበርኩ።

የእኔ የምትሆነው ማሽን ስትሆን ብቻ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንወጣ፣ ጭጋጉ ከጉና ተራራ ወርዶ መንገዱ መደብዘዝ ሲጀምር፣ "ዛሬ ማሽኑን ቤት የምታደርስ ማን ናት?" ትላለች። እኔ ነኛ! ዓይኗን ትጨፍናለች፤ እኔ ቀድሜ እየሄድኩ አዛታለሁ። "ወደፊት ሂጂ፣ ቁሚ እስክልሽ። ዙሪ። እግርሽ ድንጋይ ከነካ ከፍ አድርጊ።" ባጃጅ አጠገቧ ጡሩንባ ሲነፋ እንኳ ዓይኗን አትገልጥም። ጥላዬ ማሽን ሲሆን በሽፋሽፍቱ መሀል ያጮልቃል፤ ሁላችንም እናጮልቅ ነበር። እናቴ አንድም ቀን አላጮለቀችም። እንዴት እንደምኮራባት! ጓደኞቼ እናቶቻቸውን ይፈራሉ፤ እኔ የኔን አዛታለሁ። በዚያ ሰዓት፣ ብርሃኑ ሲደክም፣ የቀረቻት ጥቂት እይታም ጥላት ትሄድ ነበር። ቤቷ የምትገባበት ሌላ መንገድ አልነበራትም።

አንድ ቀን እንዲህ እያዘዝኳት በራችን ላይ ስንደርስ የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ወርቅነሽ ደጃፋችን ተቀምጠው አገኘናቸው። ከፋርጣ ገጠር ገብስ ይዘውልን መጥተው ነበር። አዩን። ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

"ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! እናቷን 'ዙሪ፣ ቁሚ' የምትል ልጅ! እሌኒ፣ ይችን ልጅ ከተማ እንዲህ አርጎ ነው ያሳደገልሽ?"

"ጨዋታ ነው፣ እታለም" አለች እናቴ።

"ምኑ ነው ጨዋታው? እርግማን ነው እንጂ!"

እናቴ ወደ ድምፃቸው ዞረች። የዞረችው ግን ትንሽ አልፋ፣ ወደ በሩ መቃን ነበር። እትዬ ወርቅነሽ የሚቀጥለውን ቁጣቸውን ዋጡት። ቀረብ ብለው ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙና ወደራሳቸው መለሱት። ከዚያ በኋላ እኔን አልተቆጡኝም፤ ይልቅ ከመቀነታቸው ፈትተው ከረሜላ ሰጡኝ። ሰዎች እንዲህ በቶሎ የሚለሰልሱት ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከረሜላውን በላሁ።

ማታ እኔ ሳህን ሳጥብ ሁለቱ ጓዳ ሲያወሩ ጆሮዬን አቆምኩ። የእትዬ ወርቅነሽ ድምፅ ሲወርድ ሲወጣ ይሰማኛል። "ሁለት ወዶ አይሆንም እሌኒ… ከሁለቱ አንዱን መያዝ ነው… በሙሉ ልብ ካልሆነ አይሠራም።" እናቴ እያለቀሰች ነበር፤ የዚያን ቀን በእርግጥ ሳግ ነበረው። ልቤ ዘለለ። አባቴ ሊመለስ ነው ማለት ነው! ሁለት ሚስት ይዞ አይሆንም፣ ከሁለቱ አንዷን ምረጥ ሊሉት ነው።

ሁለቱ ጠበሉና ጠብታው ነበሩ። እትዬ ወርቅነሽ ጠበል የሚጠመቅ ሰው በዚያው ሳምንት የሐኪም መድኃኒት ከነካ እምነቱ ጎደለ፣ ፈውሱም ሸሸው ብለው ያምኑ ነበር። ማንም ቄስ አላላቸውም፤ ከሴት ወደ ሴት ሲወርድ የመጣ ነገር ነው። እናቴ የሒሳብ መምህርት ናት፤ ጠብታው ምን እንደሚሠራ ሐኪሙ ነግሯታል። ይህንንም ግን ነግሯት ነበር፣ ጠብታው ያለውን ያቆያል እንጂ የጠፋውን አይመልስም ብሎ። ሊመልስላት ቃል የገባው ጠበሉ ብቻ ነበር። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን የቱን እንደምይዝ አውቃለሁ እያልኩ ስንት ዓመት ስቆጣት ኖሬአለሁ። አሁን አልልም።

በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ጠበል ሄድን። ውርጭ ላይ በባዶ እግር መቆሙን፣ የሴቶቹን ጩኸት፣ ቀዝቃዛው ውሃ በእናቴ ፊት ላይ ሲወርድ አፏን ከፍታ አየር ስትፈልግ አስታውሳለሁ። እትዬ ወርቅነሽ ከጎኗ ቆመው አብረው ይጠመቁ ነበር፣ ምንም ሳያማቸው፣ ለእህታቸው ብለው። ሱባዔያችንን ጨርሰን ስንመለስ አንድ ተአምር አየሁ። ራት በላን፣ ሳህን አነሣሁ፣ እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ኮርኒሱን ግን አላየችም። እንባ የለም። በማግስቱም የለም። እናቴ ማልቀስ አቆመች!

ጧፍ ገዝቼ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አበራሁ። "አባቴን ስላስረሳሃት አመሰግንሃለሁ" ብዬ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ለኔ ጥሩ ነበሩ። ማሽኑን የምመራው አመሻሽ ላይ ብቻ መሆኑ ቀረና ጧትም ሆነ። ክፍል ውስጥ እናቴ ኮምፒውተሩ አጠገብ መሄድ ትታ "ፋሲካ፣ የጥላዬን ብሎኬት ጮክ ብለሽ አንብቢልን" ትለኝ ጀመር። አነባለሁ፤ እሷ እጇን አጣምራ ትሰማና "ከ'ድገም' በኋላ 'ዙር' ረስቷል፤ አህያዋ ገደል ትገባለች" ትላለች። ሳታይ! ልጆቹ አስማተኛ ናት አሉ። እኔም አልኩ።

ሚያዝያ ላይ ዳይሬክተሩ አቶ ደሳለኝ ቤታችን ድረስ መጡ። በሰኔ መግቢያ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት እንግዶች እንደሚመጡ፣ ወላጆችም እንደሚጠሩ፣ ሥራዋ ከተወደደ ክፍሉ በመደበኛነት በስሟ እንደሚጸና ነገሯት። ካልተወደደ ኮምፒውተሮቹን የሚወስዳቸው ሌላ ትምህርት ቤት ሞልቷል። ደግ ሰው ነበሩ አቶ ደሳለኝ። ሲሄዱ እናቴ ለእትዬ ወርቅነሽ ስልክ ደውላ "እስከዚያ ብቻ ይቆይልኝ፤ ሌላ አልለምንም" ስትል ሰማኋት። እኔ የመሰለኝ አሮጌው ኮምፒውተር ነው፤ ሲከፈት እንደ ጉንፋናም ሰው ያስል ነበርና። ለእሱም ጸለይኩለት።

ከተማችን ውስጥ ዓይነ ስውር የአማርኛ መምህር ነበሩ፤ ሰው ሁሉ ያከብራቸዋል። ግን ለማያይ ሰው የኮምፒውተር ክፍል ቁልፍ ማን ይሰጣል? እናቴ ይህን ታውቅ ነበር። በዓይኗ ያጣችውን ሁሉ በዚያ ክፍል ታገኘው ነበርና እንዳይነጥቋት አጥብቃ ያዘችው። እንግዶቹ አይተው አመስግነው፣ ፊርማው ከተፈረመ በኋላ ቢታወቅም ግድ የላትም። ይህን ነግራኛለች። አንዴ ልጆቹ የሚችሉትን ካዩ አይዘጉትም ብላ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። አቶ ደሳለኝ እንግዳ ለማክበር ብለው ጧት ክፍሉን አስለወጡት። አግዳሚዎቹ ተነሥተው ወንበር ገባ፣ ቄጠማ ተጎዘጎዘ፣ የመምህሯ ጠረጴዛ ወደ መስኮቱ ተገፋ፣ የለስላሳ ሳጥኖች በሩ አጠገብ ተደረደሩ። እናቴ ያን ክፍል በእጇና በጭኗ ታውቀው ነበር፤ የት ላይ ጥግ እንዳለ፣ የት ላይ ወለሉ እንደተነሣ። ስትገባ ጠረጴዛዋ ባለበት ቦታ እጇን ዘረጋች። የለም። ፈገግ አለችና በወገቧ ወንበር ገፍታ ቆመች።

ፕሮጀክተሩ ሥዕሉን የሚጥለው በኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ ነበር። የጥላዬ አህያ፣ ቤት፣ ወንዝ፣ ድልድይ፣ ገበያ። ፕሮግራሙን የሠራነው ሁላችንም ነን፤ አህያዋ ሐሙሲት ገበያ ደርሳ እንድትመለስ። እናቴ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ እንግዶቹ አዙራ ማስረዳት ጀመረች። ምን እንዳማረች! አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ድምፅዋ ሙሉ። "ልጆቻችሁ የሚማሩት ማሽን መነካካት አይዶለም" አለች። "ትልቁን ችግር ከፋፍሎ ማየትን ነው። ስሕተት ሲያገኙ ከመናደድ መፈለግን ነው።" አንድ ካፖርት የለበሱ አባት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የሰኔ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው እንኳ አይሰማማም። እናቴ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ጀምር" ብላ ለጥላዬ እጇን አነሣች። ጥላዬ ማውሱን ሊነካ ሲል ግድግዳው ጠፋ። መብራት ሄደ።

ቀን ስለነበር ክፍሉ አልጨለመም። ግራጫ ሆነ እንጂ። ግድግዳው ላይ ኖራና ጣሪያው ያፈሰሰው ውሃ ነጠብጣብ ብቻ ቀረ። ሰው "ኤዲያ" ብሎ ተነፈሰ፤ ዝናቡ ዋጠው።

እናቴ ግን ቀጠለች።

"አሁን ከቤት ወጣች" አለች፣ በትከሻዋ ላይ ወደ ግድግዳው እየጠቆመች። "አያችኋት? ወንዝ እስክትነካ ድረስ ወደፊት ትሄዳለች። ደረሰች። አሁን ድልድይ ካለ ትሻገራለች፣ ከሌለ ትዞራለች። ይኸው፣ አለ!"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌሎችም ተከተሉት፤ ቀልድ መስሏቸው ነው። ሳቁ ቶሎ ሞተ። አቶ ደሳለኝ ተነሥተው በእጃቸው አቁሚ የሚል ምልክት አሳዩዋት። አላቆመችም። ቀረቡ። እጃቸውን በፊቷ ላይ፣ በጣም ቀርበው፣ ወዲያና ወዲህ አወዛወዙ። ዓይኗ አልተከተለውም። "ገበያ ገባች" አለች እናቴ እየሳቀች፣ "እንግዲህ ጨውዋን ትጫን።"

እኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። ኮራሁ። ለዳይሬክተር እንኳ የማታጮልቅ ማሽን! ከዚያ ጥፋቱ ገባኝ፤ ጥፋቱ ትእዛዙ ውስጥ ነው። ማሽኑን ማንም አቁም አላለውም። ማሽን ደግሞ ካልነገሩት አያቆምም፤ በምልክት የሚገባው ነገር የለም። ይህን ከሚያውቁት ሁሉ ፈጥኜ ስላወቅሁት ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ተነሣሁና በዝናቡ ላይ ጮህኩ።

"አቁሚ!"

ቃሏን ሳትጨርስ አቆመች። ክፍሉ ሁሉ ወደኔ ዞረ። እናቴም ዞረች።

"ፋሲካ? ምን ሆነ?"

"መብራት ሄዷል።"

"መቼ?"

"አህያዋ ከቤት ሳትወጣ።"

የተነሣው እጇ ቀስ ብሎ ወረደ። ከዚያ ያደረገችውን በየቀኑ አየዋለሁ፤ ዓይኖቿን ጨፈነች። ልክ እንደ ጨዋታችን። አጠገቧ ስደርስ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "በይ ማሽኑን ቤት አድርሺው" አለችኝ።

አደረስኩት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ድምፄን እንደ ወታደር አቅንቼ። "ወደፊት ሂጂ፣ ወንበር እስክትነኪ። ዙሪ። ቀስ። ሳጥን አለ፤ ከነካሽ ወደ ግራ። ወደፊት ሂጂ፣ በር እስክትነኪ።" አንድም አልተሳሳተችም። እንግዶቹ በየተራ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ አክብረውን መሰለኝ። እማማ ጌጤ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎርሰው ያለቅሱ ነበር፤ ደስ ብሏቸው መሰለኝ። ጥላዬ አጨበጨበ፤ ልጆቹም ሁሉ ተከትለውት አጨበጨቡ። ካጨበጨቡት ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው አልነበረም።

ዝናቡ ውስጥ ወጣን። ትከሻዬን ጨብጣ ነበር፣ እስኪያመኝ።

"አሸነፍን አይደል እማዬ?"

"አሸነፍሽ" አለችኝ። "አንቺ አሸነፍሽ።"

ክፍሉ ሌላ መምህር እስኪመደብ ድረስ ተቆለፈ። እናቴ ይህን ስትሰማ "የማይመጣ 'እስኪ' ነው" አለች፣ ልክም ነበረች። ኮምፒውተሮቹ እዚያው ተበላሹ። እሷ ወደ ቤተ መጻሕፍት ተዛወረች፣ መጽሐፍ ማንበብ የማትችል ሴት፤ የሚሳደብ ሰው እንኳ እንዲህ አያስብም። ክረምቱ ከመውጣቱ በፊት የቁልፍ ቀዳዳውም ተዘጋ። ሐኪሙ ጠብታውን ለስንት ጊዜ እንዳቋረጠች ሲጠይቃት ወራቱን በጣቷ ቆጠረችለት። እትዬ ወርቅነሽ ጠበሉ ቦታ ለነበሩ አንድ አባት ሄደው ቢነግሯቸው "መድኃኒቱን ማን ጣሉት አላችሁ? እሱንስ የሰጣችሁ እግዜር አይዶለም ወይ?" ብለው አዘኑ። እትዬ ወርቅነሽ እስኪሞቱ ድረስ የእናቴን ፊት ቀና ብለው አላዩም። እናቴ ይህንም አላየች።

አሁን እኔ ሐሙሲት አስተምራለሁ። ሚኒባስ ላይ የእንጨት ብሎኬቶቹን በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ እመላለሳለሁ። ቀለማቸው ለቋል፤ ጭረታቸው ግን አለ። ተማሪዎቼ ጭረቱ ለምንድን ነው ሲሉኝ ለጌጥ ነው እላቸዋለሁ።

ዓምና ሐኪሙ የእኔንም ዓይን ለካ። በዘር ይወርዳል አለኝ፤ ግፊቱ ከፍ ብሏል፤ ጠብታ ማታ ማታ፣ ሳይቋረጥ፣ ዕድሜ ልክ። ለእናቴ ስነግራት እንደዚያ ቀን ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ራት እንደተበላ ከአልጋዋ ሆና ትጠራኛለች። በልጅነቴ ጠብታዋ እንባ እንደመሰለኝ ነግሬአት ስለነበር አጠራሯም ከዚያ የመጣ ነው።

"ፋሲካ፣ አለቀስሽ?"

"አልቅሻለሁ እማዬ።"

አታምነኝም። ማሽን አይገምትም። በግድግዳው ተመርታ ትመጣና በጣቷ ጉንጬን ትዳስሳለች፤ እርጥብ ካላገኘች አትተኛም።

ዘንድሮ ከመሀል አገር የሚመጣው መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ጠብታው ከደብረ ታቦር ጠፍቷል። ባለ ፋርማሲው የሺዋስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚለኝ፤ መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ታገሺ። ዛሬ ባዶውን ብልቃጥ በመዳፌ ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ ኮርኒሱን አየሁ። የኮርኒሱ ጠርዝ የት ላይ እንደሚያልቅ ፈለግሁት። አላገኘሁትም።

"ፋሲካ፣ አለቀስሽ?"

ብልቃጡን በመዳፌ ጨበጥኩት። ግድግዳውን እየዳበሰች መጣች። ጣቷ ጉንጬን አገኘው። እርጥብ ነበር።

"ጎበዝ" አለችና ተመልሳ ተኛች።